ስም ከነአባት

ዱንግ አለ።

የብርጭቆ ድምፅ አይደለም፣ የበር ደወልም አይደለም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ አጭር፣ ቁጡ ድምፅ ነው። ሥጋ ለመግዛት የተሰለፉት ሰዎች ዘወር ዘወር አሉ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ዱንግ። ሦስተኛው ላይ የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ዘሪቱ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ተገኝ! ደግሞ ምን ነካክተህ ነው?»

«ኧረ ምንም አልነካሁም፣ እትዬ። ኮምፒውተሩ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ምን አርጉልኝ ይላል?»

«ላስት ኔም ካላመጣህ አልመዘግብም ይላል።»

«በሉ እንግዲህ፣ ኢሚግሬሽን ሥጋ ቤት ድረስ መጣ!» አለ ከተሰላፊዎቹ አንዱ፤ ሰልፉ በሳቅ ተነቃነቀ። ተገኝ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በሽንኩርት ጆንያና በበርበሬ ከረጢት መካከል እንደተቀመጠ እሱም ሳቀ። ሰው ሳያየው መሳቅ ይቀለዋል።

ከዶራቪል ባቡር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ የምትርቀው ይህቺ ሱቅ ከኋላዋ አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻት። ክፍሏ ዕቃ ቤት ናት፤ የዕድሩም ቢሮ ናት። ወይዘሮ ዘሪቱ የዕድሩ ጸሐፊ ከሆኑ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የሁለት መቶ ሰማንያ ሰው ስልክ የያዙት በአንድ ጥቁር ደብተር ነበር፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ ሰው የሚጻፈው በሚታወቅበት ነው። ብርሃኑ ታክሲ። ሀፍሳ ዴይኬር። ትልቋ ወርቅውሃ፣ ትንሿ ወርቅውሃ። ይገዙ ፎርክሊፍት። ሐዘን የደረሰ ዕለት ወይዘሮ ዘሪቱ መነጽራቸውን ሰክተው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው ይዘጋል እንጂ አንድም ሰው አይዘሉም።

ደብተሩን ያሳጣው የስለሺ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ስለሺ መንገድ ላይ ወድቆ አምቡላንስ ወሰደው። ዕድርተኛው ተጠራርቶ ሆስፒታል ቢሄድ «በዚህ ስም የተኛ ሰው የለም» ተባለ። ሌላ ሆስፒታል ሄዱ፤ እዚያም የለም። ሦስት ቀን ሲፈለግ የከረመው ሰው፣ መጀመሪያ በተጠየቀው ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝቶ፣ አንድ እንኳን የሚጠይቀኝ ልጣ ብሎ ሲያለቅስ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው። ስለሺ እናቱ ያወጡለት ስም ነው፤ አሜሪካ አታውቀውም። ድኖ ከወጣ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ሰው አኩርፎ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ዘሪቱ ቆረጡ። ማንኛውም አባል ሰው የሚጠራበት ስምና መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም፣ ከነአባቱ፣ አንድ ላይ ይመዝገብ አሉ። ለዚህም ልጃቸው ሉሊት ኮምፒውተር አመጣችላቸው። ሉሊት እዚሁ አትላንታ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ካለ ቢሮ የምትሠራ ናት፤ ቢሮው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በመኪናዋ ጭና መጣች። አድሬስ ቡክ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታ ለተገኝ ያሳየችው ቆማ፣ የመኪና ቁልፏን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች ነው።

«ሉክ፣ እዚህ ፈርስት ኔም፣ እዚህ ላስት ኔም። ሰው የሚጠራበት ኒክኔም ላይ ይገባል። ከዛ ስልክ፣ አድራሻ። ይሄ ኖትስ ነው፣ የፈለግከውን ጻፍ። ሴቭ ስታደርገው ራሱ ሶርት ያደርገዋል፣ ባይ ላስት ኔም።»

«በአባት ስም ማለትሽ ነው?»

«ያ፣ ዋትኤቨር።»

«የኛ ሰው እኮ የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በአባቱ ስም ከተደረደረ ማን ያገኘዋል?»

«ፋይንድ የምትል አለች አይደል? እዛ ላይ ታይፕ ታደርጋለህ፣ ይመጣልሃል። ስኪፕ ማድረግ ግን አትችልም፣ ሪኳየርድ ነው።»

«የአባቱን ስም ካላወቅሁስ?»

«ደውለህ ጠይቃ፣ ተጌ! ስልኩ እኮ አጠገብህ ነው።»

ለእሷ ቀላል ነው። ተገኝ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ዲቪ ደረሰውና መጣ። ኮሌጅ ፓርክ ካለ አንድ ሆቴል ኤርፖርት ድረስ እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። በመስታወቱ ከኋላ የተቀመጡትን እያየ፣ ይሄኛውን ማን ይቀበለው ይሆን፣ ይቺኛዋስ ማንን ጥላ መጣች እያለ ታሪክ ይሠራላቸዋል። ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን ቃል ያጥረዋል። ወይዘሮ ዘሪቱ ለዚህ ሥራ የመረጡት ታይፕ ስለሚችል ነው፤ ደግሞም እሳቸው እንደሚሉት፣ «ምሥጢር ቢያውቅ የሚነግረው ሰው ስለሌለው»።

መጀመሪያ የደወለው ለብርሃኑ ታክሲ ነው።

«ሙሉ ስምዎን ፈልጌ ነበር፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ከነአባትዎ።»

«ማን ልበል?»

«ተገኝ ነኝ፣ ከዕድሩ።»

«የቱ ተገኝ? ያ ዝምተኛው? ትናገራለህ እንዴ አንተ!»

ሀፍሳ ዴይኬር ደግሞ «ለምንድን ነው?» አለችው። «ምናልባት ቢታመሙ፣ ሆስፒታል ቢገቡ...» ሲላት «ምነው በጠዋቱ ታሟርትብኛለህ!» ብላ ጮኸችበት፤ ከኋላዋ ሕፃናቱም ተከትለዋት ጮኹ። ስሟን ግን ሰጠችው። ትንሿ ወርቅውሃ መንጃ ፈቃዷ ላይ ያለው የፈታችው ባሏ ስም ኖሮ «የሱን ስም እዛ ላይ ከምታስገባ እኔን ከዕድሩ አውጣኝ» አለችው። እሷን ለማግባባት ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ።

እያደር ግን ወደደው። ስልኩን ዘግቶ ሴቭ ባለ ቁጥር ዝርዝሩ ይንቀሳቀስና አዲሱ ሰው ቦታውን ይይዛል። ተገኝ በወንበሩ ደገፍ ብሎ ያያቸዋል። አሜሪካን በሕልማቸው እንኳን ያላዩ አባቶች፣ ገበሬው፣ መቶ አለቃው፣ ሸማኔው፣ ቃዲው፣ በኤ ቢ ሲ ተራ ተሰልፈው የልጆቻቸውን ስልክ ይዘው ቆመዋል። አንዳንዴ ደህና ዋላችሁ ሊላቸው ይቃጣዋል።

ለአፀደ መደወል አላስፈለገውም። እሱ በሚነዳበት ሆቴል አልጋ አንጣፊ ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ «አንቱ አትበለኝ፣ እኔ ለአሜሪካ የአራት ዓመት ሕፃን ነኝ» ብላ አንቺ እንዲላት ያስገደደችው እሷ ናት። እሁድ እሁድ ስለምትሠራ የዕድሩ ስብሰባ ላይ አይቷት የሚያውቅ የለም። ተገኝ ሳይጨነቅ የሚያወራት ብቸኛ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«አፀደ ጓንጉል በል» አለችው፣ በምሳ ሰዓት ቫኑ ውስጥ ተቀምጠው። «ያ እንደፈለግህ የምትጽፍበት አለ ያልከው፣ እሱስ?»

«ኖትስ? ምን ልጻፍበት?»

«ወንድሟን እንድርያስ ጓንጉልን ትፈልጋለች በል። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በመተማ በኩል ሱዳን ገባ በል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር በል። ሳቂታ ነው በል።»

«ሳቂታ የሚለውም ይግባ?»

«እሱን ካላስገባህ በምን ይለያል?»

እናታቸው ስትሞት እንድርያስ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ሰላምታውን ሳትጨርስ ስለ እሱ ትጠይቃለች። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጧታል፤ እንድርያስ የሚባል ስንቱ አለ፣ በቤት ስሙ እንጂ ማን ከነአባቱ ይጠራል ይሏታል። ተገኝ ያላትን ሁሉ ጻፈላት፤ ሳቂታ የሚለውንም ጨምሮ።

ይገዙ ፎርክሊፍት ግን አስቸገረ። ፒችትሪ ኮርነርስ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያነሣ ማሽን ይነዳል። አራት ጊዜ ተደወለለት። «ይገዙ ብለህ ተወው» ይላል፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል፣ ይዘጋል። በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ራሱ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ጠይም፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚል ሰው ነው።

«አንተ ነህ በስልክ የምትነዘንዘኝ?»

«ይቅርታ ጋሽ ይገዙ። እኔ ሳልሆን ኮምፒውተሩ ነው።»

ይገዙ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ስለሺን አገኘሁት» አለ። «ሦስት ቀን ማንም ሳይጠይቀው መተኛቱን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ ሚስት የለኝ። አንድ ነገር ብሆን ከናንተ በቀር የሚፈልገኝ የለም።» መንጃ ፈቃዱን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠው። ከዚያ ተነሥቶ ፊቱን ወደ በርበሬው ከረጢት አዞረ።

ተገኝ ከካርዱ ላይ ፊደል በፊደል እያየ መታ። ሰውዬው ቆሞ ስለሚጠብቀው እጁ ቸኩሏል። ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም እስኪያነቡት ድረስ የሚያውቁት ሰው ስም አይመስልም። ኒክኔም ላይ ይገዙ ፎርክሊፍት አለ፣ ስልኩን አስገባ፣ ካርዱን መለሰ። ይገዙ አመስግኖ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ ነው ተገኝ ሴቭን የነካው።

ዝርዝሩ ተንቀሳቀሰ። ጂ ላይ ቆመ።

ጓንጉል፣ አፀደ።

ጓንጉል፣ እንድርያስ።

አንዱ ከሌላው ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ እንደተኙ ልጆች።

ተገኝ መጋረጃውን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ይዞት ወጣ። «እትዬ ዘሪቱ! እትዬ ይምጡ! ይምጡማ!» ወይዘሮ ዘሪቱ ቅቤ የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ገብተው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ሲነግራቸው ሰሙት።

«ይገዙ? ይሄ ፎርክሊፍቱ?»

«የቤት ስሙ ነዋ! እንደ ስለሺ!»

«ያሳደገችው እህቱ ይገዙ የሚለውን የቤት ስም ታውቃለች? ጠይቀሃታል?»

«እሱን እንኳን አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው ዝም በል» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መጀመሪያ እኔ እሱን ለብቻው ላናግረው። የሃያ ዓመት ነገር ነው፣ በሩጫ አይሆንም። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

በእርግጥ ሰምቷል። ግን ወደ ኮሌጅ ፓርክ ሲመለስ ባቡሩ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ሁሉንም በዓይኑ አየው። አፀደ ስትጮህ፣ ይገዙ ሲያቅፋት፣ ሁለቱም ዞረው እሱን ሲመርቁት። ጣቢያው ደርሶ በሩ ሲከፈት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት በሆቴሉ ኮሪደር ፎጣ የተቆለለበትን ጋሪዋን ስትገፋ ሲያገኛት፣ ለእግዜር ሰላምታ የከፈተው አፉ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ወንድምሽን አገኘሁት።»

አፀደ አልጮኸችም። ጋሪውን ግድግዳ አስጠግታ አቆመችው።

«ረጅም ነው?»

«መካከለኛ ነው።»

«ያኔ ገና እያደገ ነበር... ቀይ ነው?»

«ጠይም።»

«የሱዳን ፀሐይ ነዋ። ፀሐዩ ነው።» እጇ ፎጣዎቹ ላይ ነው፤ የታጠፈውን ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች።

«ሰው ይገዙ ነው የሚለው።»

እጇ ቆመ። «እኛ እንዱ ነበር የምንለው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ራሷ መልሳ፣ «ሰው ከተሰደደ በኋላ ስም ቢለውጥ ምን ይገርማል? ስንት ነገር ይለወጣል» አለች። «ይስቃል?»

ተገኝ የሚያስታውሰው ወደ በርበሬ ከረጢት የዞረ ጀርባ ነው።

«አዎ» አላት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልተቻለም። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ እሷ ክንዱን ይዛ ቆማ፣ በሞባይሉ ደወለ። ከወዲያ በኩል የፎርክሊፍቱ ጢው ጢው ይሰማል።

«ጋሽ ይገዙ፣ እህትዎ ተገኙ!»

«እህት የለኝም አላልኩህም?»

«አፀደ ጓንጉል። እዚህ አትላንታ ናቸው።»

ጢው ጢው የሚለው ድምፅ ቆመ።

«በሕይወት አለች?» አለ ይገዙ።

«አጠገቤ ናቸው! ላገናኝዎት?»

«አይሆንም። በስልክ አይሆንም። እሁድ ጠዋት ዘሪቱ ቤት እመጣለሁ በላት።»

«ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች አፀደ።

«በሕይወት አለች ወይ አለ።»

አፀደ ከጋሪው ላይ አንድ ፎጣ አንሥታ ፊቷን ቀበረችበት።

ወይዘሮ ዘሪቱ ይህን ሲሰሙ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምላስ የለውም ብዬ አይደል እንዴ የመረጥኩህ!» አሉት። ለይገዙ ቢደውሉ ስልኩን አያነሣም። ቅዳሜ አመሻሹን ሱቁን ሲዘጉ፣ «ነገ ሱቁን አልከፍትም» አሉ። «ደስታም ከሆነ፣ ሌላም ከሆነ፣ ገበያተኛ መሐል አይሆንም።» ተገኝ ሌላው ምን እንደሆነ ሊጠይቃቸው ፈልጎ ፈራ።

እሁድ አፀደ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ቀረች። ኮሌጅ ፓርክ ባቡር ውስጥ ገብታ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ፣ የመጨረሻው ጣቢያ ዶራቪል ወረደች። ተገኝ ሊቀበላት ሄዶ ነበር፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ ነጠላዋ አዲስ ነው፣ እየሮጠች ስለምትራመድ እሱ ነው ከኋላ የሚከተላት። ክፍሏ ውስጥ ወይዘሮ ዘሪቱ ቁጭ በይ ቢሏት እንቢ ብላ ቆማ ጠበቀች።

ይገዙ ሲገባ እጆቿ ወደ ላይ ተነሥተው ነበር።

ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ጢሙን ተላጭቷል። መጋረጃው ጋ ቆሞ ቀረ። አፀደ አየችው። ግንባሩን አየች፣ አፉን አየች፣ እንደገና ወደ ዓይኑ ተመለሰች። እጆቿ ቀስ እያሉ ወረዱ።

«አይደለህም» አለች።

«አይደለሁም።»

ወይዘሮ ዘሪቱ ተነሥተው አፀደን ክንዷን ይዘው አስቀመጧት፤ እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡ። ተገኝ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከሱቁ በኩል የሥጋው ማቀዝቀዣ ያጉረመርማል።

ይገዙ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ገዳሪፍ አጠገብ ካምፕ ውስጥ አንድ ድንኳን ነበርን። እሱ የአሜሪካን ኢንተርቪው አልፎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። እኔን አላሳለፉኝም። ወባ ያዘው። አምስት ቀን ነው የቆየው። ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የቀበርኩትም እኔና ሁለት ሱዳኖች ነን። በሳምንቱ ነጮቹ ዝርዝር ይዘው መጡ። እንድርያስ ጓንጉል አሉ። ዝም አልኩ። ደገሙት። ሞቷል ብዬ ልነግራቸው ነው የተነሣሁት። እውነቴን ነው፣ ለዚያ ነው የተነሣሁት። ስነሣ አዩኝና በእጃቸው ና አሉኝ።»

ወይዘሮ ዘሪቱ ወደ አፀደ ጠጋ አሉ።

«ሄድኩ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት። ባንክ ስገባ እሱ ነኝ፣ ሐኪም ቤት ስገባ እሱ ነኝ። ከናንተ ጋር ስሆን ብቻ ነው እናቴ ባወጣችልኝ ስም የምጠራው።»

አፀደ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጨብጣዋለች። ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነው።

«ስለ እኔ ያወራ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ጸጉሩን ስትቆርጪው ጆሮውን በመቀስ እንደነካሽው ያወራ ነበር። ለሰው ግን የጦር ሜዳ ቁስል ነው እያለ... እኛ ስናምነው እሱ በሳቅ ይፈርሳል።»

የአፀደ ፊት ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ። «ግራው ነው» አለች። «ግራ ጆሮው።» ከዚያ፣ «ለምን አልጻፍክልኝም?»

«ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ስምሽን አውቀዋለሁ፣ አገራችሁንም አውቃለሁ። ሞቷል ብዬ እጽፍና መጨረሻው ላይ ስደርስ ማን ብዬ ልፈርም? እቀደዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘሪቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተገኝ እጁ ማውሱ ላይ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ታየው።

«ላጥፋው?» አለ።

«አጥፋው» አለ ይገዙ። «ከፈለገች ሄዳ ለመንግሥት ትንገር፤ አልቀየማትም። ይህን ልላት ነው የመጣሁት።»

«ተው» አለች አፀደ። ተነሣች። «እስቲ አሳየኝ።»

ተገኝ ወንበሩን ለቀቀላት፤ አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አኖረች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ይሄ እሱ?»

«አዎ።»

«ከጎኑ ያለው ቁጥርስ?»

«ስልኩ ነው።»

የጠረጴዛውን ስልክ አነሣች። በግራ እጇ ጣት እያንዳንዱን ቁጥር እየተከተለች፣ በቀኟ ቀስ እያለች ነካች። ወዲያው ይገዙ ደረት ኪስ ውስጥ ያለው ሞባይል ጮኸ። አወጣው፣ አየው፣ እሷን አየ። ራሷን ነቀነቀች፤ አታንሣው ማለቷ ነው። እጁ ላይ እንደያዘው ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

ክፍሉ ፀጥ ከማለቱ የተነሣ ከእጀታው የሚወጣውን ድምፅ ሁሉም ሰሙት። የይገዙ ድምፅ ነው፤ ግን ከዓመታት በፊት የተቀዳ፣ ወጣት፣ ቃሉን እየመረጠ የሚራመድ፣ አገሩን ገና ያልለመደ ሰው ድምፅ። «ሄሎ፣ ዚስ ኢዝ እንድርያስ ጓንጉል። አይ አም ኖት ሂር። ፕሊስ፣ ሊቭ ሚ ኤ መሴጅ።»

አፀደ መልእክት አልተወችም። እጀታውን ወደ ቦታው መለሰች። ትንሽ ቆማ እንደገና አነሣችው፤ እንደገና ቁጥሩን ከመስታወቱ ላይ እያየች ነካች፤ እንደገና እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። በዚህኛው ጊዜ ዓይኗ ተከድኖ ነበር።

ስልኩን አስቀመጠች። ቦርሳዋን ከጆንያው ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ወይዘሮ ዘሪቱ «አፀደ፣ ቆይ እንጂ የኔ እናት፣ ብቻሽን የት ነው?» አሏት። ይገዙ መንገድ ሊለቅላት ወደ ጎን ሲል ፊቱ ቆመች። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ ወገን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። በሁለት ጣቷ አውጥታ አስተካከለችው፤ ከዚያም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።